ጆሮውን ታክሲ ውስጥ የረሳው ሰው

ስልኩ ሲጮኽ እትዬ አስታዋሽ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጡ እግሮቿን ባዶ ካርቶን ላይ ሰቅላ ነበር። ማክሰኞ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛው ስልክ እንደሆነ መቁጠር ትታለች።

«የጠፋ ዕቃ ክፍል ነው፤ ምን ልርዳዎ?»

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ልትዘጋው ስትል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ፈነዳባት።

«ጆሮዬን ታክሲ ውስጥ ረሳሁት!»

እጀታውን ከጆሮዋ አራቀችው። «ምንዎን?»

«ትናንት ነው! ሰኞ! የመስሚያ መሣሪያዬን ነው የምላችሁ! ወንድ ሁኑ ሴት ሁኑ አላውቅም፤ የምትሉኝም አይሰማኝ፤ ስለዚህ አትጠይቁኝ። ብቻ ፈልጉልኝ። ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ።»

ዘጋው። እትዬ አስታዋሽ እጀታውን እንደያዘች ትንሽ ቆየችና ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ለምሳ የቀረውን ጊዜ አየች። ብዙ ነበር።

«አስታዋሽ» የሚለውን ስም ያወጡላት ሹፌሮቹ ናቸው። በአንድ ትልቅ የታክሲ ድርጅት ግቢ፣ ከስምሪት ክፍሉ ጎን፣ አንድ መስኮትና አንድ በር ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን ዕቃ ስትቀበል፣ ስትመዘግብና ለባለቤቱ አስፈርማ ስትመልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ከጀርባዋ ያሉት የብረት መደርደሪያዎች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ጃንጥላ በየዓይነቱ፣ የአንድ እጅ ጓንት፣ ቁልፍ በቁልፍ ላይ፣ የራጅ ፊልም፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ። ክራንችም አለ። ባለ ክራንቹ ያለ ክራንቹ እንዴት ወርዶ እንደሄደ ሹፌሮቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዱ «መኪናዬ ውስጥ ድኖ ነው» ብሎ ይምላል።

ለደወለ ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነው። መቼ ተሳፈሩ? ከየት ተነሥተው የት ወረዱ? ከሹፌሩ ጎን ነው ከኋላ የተቀመጡት? በስልክ ጠርተው ነው ወይስ መንገድ ላይ አስቁመው? በስልክ የጠራ ሰው ችግር የለበትም፤ ስምሪት ክፍል የመኪናው ቁጥር አለ፣ ሹፌሩ ይጠየቃል፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። መንገድ ላይ እጁን አውለብልቦ ያስቆመ ግን የትም አልተጻፈም። ለእሱ ያለው መላ ማስታወስ ብቻ ነው። «እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና ወንበሩ ላይ ተመልሰው ይቀመጡ» ትለዋለች። «ፊት ለፊትዎ ምን ይታያል? ሹፌሩ ምን ለብሷል? ወንበሩ ምን ቀለም ነው?» ያኔ ሰው አላውቅም ያለውን ያስታውሳል። በዚህ መንገድ ስንት ቦርሳ፣ ስንት ፓስፖርት፣ አንድ ጊዜም የሙሽራ ቬሎ አስመልሳለች።

ምስጋናው ግን ከቁጥር አይገባም። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሰላምታ አያውቅም። ገና አፏን ሳትከፍት ሌባ ያደርጋታል፤ ሲገኝለት ደግሞ ከፍቶ ይፈትሻል። እሷም ድሮ ድሮ ትከፋ ነበር፤ አሁን መከፋቱም ሰልችቷታል።

ሽማግሌው ረቡዕ በአራት ሰዓት ደወለ። እሷ ከልማድ የተነሣ «መቼ ተሳፈሩ?» ስትል እሱ በላይዋ ላይ ቀጠለ። መሣሪያዋ ትንሽ ናት፤ የባቄላ ፍሬ ታህላለች፤ ቀለሟ የሰው ገላ ይመስላል። ሹፌሩ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶት ጆሮው ሊበጠስ ስለደረሰ አውልቆ ጭኑ ላይ አደረጋት። ሲወርድ ረሳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግማሹ ግን የሹፌራችሁ ነው!» ብሎ ዘጋ።

እሷም ማስታወቂያ ጻፈችና ስምሪት ክፍል በር ላይ ለጠፈች፤ «የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ያገኘ ሹፌር በአስቸኳይ ያስረክብ።» ከሰዓት በኋላ ስትመለከተው አንድ አሽሟጣጭ ከሥሩ «አፍንጫም ጠፍቶብኛል፤ ያገኘ ይተባበረኝ» ብሎ ጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቹ በመስኮቷ ባለፉ ቁጥር «እትዬ፣ ጆሮ ተገኘ?» እያሉ ይሥቃሉ።

ሐሙስ ዕለት የሽማግሌው ድምፅ ወረድ ብሏል።

«እመጣ ነበር» አለ። «ግን ባለቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሆስፒታል ተኝታለች። ልቧን ከከፈቷት ወዲህ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል፤ መሣሪያውን አድርጌም እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው የምሰማት። አሁን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ብዙ ታወራለች፣ ከድሮ ይልቅ። እኔ ራሴን እነቀንቅላታለሁ። ምን ላይ እንደምነቀንቅ አላውቅም። ታውቃላችሁ፣ ይሄ...» ቀሪውን ዋጠው። «ነገ እደውላለሁ።»

«የትኛው ሆስፒታል?» ብላ ጮኸች እትዬ አስታዋሽ። መስመሩ ተዘግቷል።

ዓርብ ማታ ዝላ ቤቷ ገባች። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ከቤት ብዙም አትወጣም። ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ስለማታገኝ ታናሿ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬዋን ትጀምርባታለች። እትዬ አስታዋሽ ደግሞ ጆሮዋ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲቀጠቅጠው ስለሚውል «እሺ»፣ «እውነትሽን ነው»፣ «ተይው ባክሽ» የሚሉትን በየመሐሉ ጣል ጣል እያደረገች ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። የዚያን ቀንም እንደዚያው አደረገች። ሦስተኛው «እሺ» ላይ ግን ሽማግሌው ትዝ አላትና ዓይኗን ከፈተች። ራሷን እየነቀነቀች ነበር።

«እህቴ፣ አሁን ምን አልሽኝ?»

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «ምን እሺ እንዳልሽ አታውቂም?»

«ስለ ጎረቤቶቹ ነው?»

«ጎረቤት ያነሣ የለም። ግራ ዓይኔ እየደበዘዘብኝ መጣ ነው ያልኩሽ። ሳምንት ሙሉ ነው የነገርኩሽ። አንቺም 'እሺ' ብለሽኛል።»

እትዬ አስታዋሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቅዳሜ ጠዋት የዕረፍት ቀኗን ሰውታ እህቷን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠበቁ። ሞራ ነው፣ ገና ነው፣ ይገፈፋል አላቸው። ሲመለሱ እህቷ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ነበር።

ሰኞ በአራት ሰዓት ስልኩ ሲጮኽ እትዬ አስታዋሽ እስክሪብቶና ወረቀት አዘጋጅታ ጠበቀችው። አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም። ማንም ጠያቂ የሌለበት ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚናገር ያን ቀን አየች። ከዚህም ከዚያም ይላል፤ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ፣ ስለ አልጋው ጩኸት፣ ስለ ሚስቱ እጅ መቅጠን። እሷ ሁሉንም ትጽፋለች። በመሐል እንዲህ አለ፤

«ነፋስ ፈልጌ መስኮቱን ላወርድ ብል እጀታው የለም! ብሎኑ ብቻ ነው የቀረው። በእጀታው ፋንታ ማንኪያ ሰክተውበታል። ማንኪያ!»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማንኪያ የተሰካባት መኪና በዚያ ግቢ አንዲት ብቻ ናት። የሹፌሩ ቅጽል ስም «ነገ» ነው። የመስኮቱን እጀታ ነገ አሠራዋለሁ፣ ጎማውን ነገ እቀይረዋለሁ፣ ጥርሴን ነገ አስነቅለዋለሁ የሚል፣ ግን ለሰው ክፉ የማያስብ፣ አምሳውን የተሻገረ ወፍራም ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢው በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ አንድ ሽማግሌ ጭነሃል። ከኋላ ነው የተቀመጠው።»

ነገ ራሱን አከከ። «ሽማግሌ ስንቱን ጫንኩ እትዬ!»

«መስኮቱን ሊያወርድ የሞከረ።»

«እ! የተቆጡኝ አባት! ሆስፒታል ነው ያደረስኳቸው፤ ትልቁ የጡብ አጥር ያለው። ምነው?»

«ማስታወቂያውን አላነበብክም?»

«ነገ አነበዋለሁ ብዬ...»

«መሣሪያው መኪናህ ውስጥ ነው።»

«እትዬ ሙች፣ የለም። ሐሙስ ላቫጆ ወስጃት ወንበሩ ሁሉ ተጠርጓል። እንዲያውም ስለ መኪናዬ አታንሺብኝ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ታፏጫለች። ቀጭን ፉጨት፣ ልክ እንደ ትንኝ። መካኒኩ አንድ ቀን ጎማው ነው፣ አንድ ቀን የሞተሩ ቺንጋ ነው ይለኛል። እኔም ሲሰለቸኝ ሬዲዮኑን ጨመር አድርጌ...»

ንግግሩን አልጨረሰም፤ ከጆሮ የወጣ መስሚያ እንደሚያፏጭ የምታውቀው እትዬ አስታዋሽ የመኪናውን በር ከፍታ ገብታለች።

«ሞተሩን አጥፋ። መስኮት ዝጋ። አትተንፍስ።»

ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ከውጭ የግቢው ጫጫታ በሩቁ ይሰማል። ነገ ምንም አልሰማም። የእትዬ አስታዋሽ ጆሮ ግን፣ ያ በስልክ የደነዘዘ የመሰላት ጆሮ፣ ከወንበሩ ሥር የሆነ ነገር ያዘ። ያዝኩት ሲሉት የሚጠፋ፣ ሲተዉት የሚመለስ ሲርርር የሚል ድምፅ ነው።

ነገ የብሎን መፍቻ አምጥቶ የፊት ወንበሩን ብሎኖች ፈታ። በላብ ተጠምቆ ወንበሩን ሲያነሣው፣ ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተትበት ብረት ሥር፣ ከአንድ የደረቀ ማስቲካና ከአንድ ሳንቲም ጋር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል የሥጋ ቀለም ያላት ነገር ተወትፋለች። ስታነሣት በመዳፏ ውስጥ ይበልጥ አፏጨች። ከጎኗ ያለችውን ትንሽ ክዳን በጥፍሯ ከፈተች፤ ባትሪዋ ወጣ፣ ፉጨቱም ቆመ።

ነገ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። «መካኒኩ ቺንጋውን በከንቱ አስቀየረኝ!» አለ። ሽማግሌው መሣሪያውን በሬዲዮኑ ጩኸት የተነሣ እንዳወለቀው ስትነግረው ደግሞ በዝግታ፣ «ሬዲዮኔ ነዋ ያስወለቃቸው» አለ።

ረቡዕ በአራት ሰዓት ሽማግሌው ሲደውል ደስታዋን መሸከም አቅቷት «ተገኝቷል!» ብላ ጮኸች። የስምሪት ክፍሉ ሠራተኛ ሮጣ መጥታ አብራት ጮኸች። ነገም በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «አባባ፣ ተገኝቷል!» አለ። ሦስቱ ተባብረው ግቢውን አናጉት።

«መስመሩ ላይ ጫጫታ አለ መሰለኝ» አለ ሽማግሌው። «እንግዲህ ነገ እደውላለሁ። ለነገሩ እኔም እየደከመኝ ነው።» ዘጋው።

እትዬ አስታዋሽ እጀታውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ነገን አየችው። ነገ ያን ጊዜ ጨርሶ ያልተለመደ ነገር ተናገረ። «ዛሬ እወስድሻለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ በጠያቂ መግቢያ ሰዓት ሄዱ። ሆስፒታሉ ትልቅ ነው፤ የሕሙማኑ ክፍል በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ይዘልቃል፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። በየደረጃው መጠምዘዣ ቆማ ጉልበቷን አሻሸች። የምትጠይቅበት ስም እንኳ የላትም። «ሲስተር፣ የማይሰሙ አባት...» ብላ ስትጀምር ነርሷ «አዬ፣ በእኛ ስልክ የሚጮኹት?» ብላ መጨረሻ ያለውን ክፍል አሳየቻት።

ሽማግሌው ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። አልጋው ላይ ሚስቱ ትራስ ደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። እትዬ አስታዋሽ ምንም ሳትናገር መዳፏን ዘረጋችለት። ሽማግሌው መዳፏን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ፤ በሁለት ጣቱ አነሣት። አጽድቶ፣ ባትሪዋን መልሶ፣ ጆሮው ውስጥ አደረጋት። አንዴ ሲጥ አለች። ከዚያ በኮሪደሩ ጋሪ ሲያልፍ ደነገጠ።

«ይሄ ጋሪ እንዲህ ነው እንዴ የሚንኳኳው?» አለ። ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺ ነሽ? ወንድ መስለሽኝ ነበር፤ ይቅርታሽን ልጄ። አይ፣ እኔ ምኑን ሰምቼ!»

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ አባባ» አለች መዝገቡን እየከፈተች። ሥራዋ ነው።

እሱ ግን ወደ ሚስቱ ዞሯል። «በይ አሁን ተናገሪ።»

«ምን ልናገር? ተናግሬ ጨርሻለሁ» አለች ሚስቱ። እውነትም ድምፅዋ ክር ያህላል።

«ድገሚልኛ።»

«የዘጠኝ ቀኑን? አቅም የለኝም።»

«እየነቀነቅኩልሽ እኮ ነበር።»

«አይቻለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሁለተኛ ኦፕሬሽን አልፈልግም አልኩህ፤ ነቀነቅክ። ቤቴ ልግባ፣ በአልጋዬ ልተኛ አልኩህ፤ ነቀነቅክ። ለሐኪሙም ባለቤቴ ተስማምቷል ብዬዋለሁ።»

ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «አልሰማሁም ነበር እኮ። አንድ ቃል አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ። ስለማትሰማ ነው የነገርኩህ። ብትሰማ ኖሮ እኔ ሳልጨርስ አንተ ትጀምራለህ። አርባ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።»

እትዬ አስታዋሽ የተከፈተ መዝገቧን እንደያዘች መሐል ላይ ቆማለች። መሄድም አፈረች፤ መቆምም አፈረች። ሽማግሌው ተነሣና ወንበሩን መሣሪያ ባደረገበት ጆሮ በኩል አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለ። «አላቋርጥሽም።»

ሚስቱ ጀመረች። ሽማግሌው አፉን ሊከፍት ሲል መልሶ ገጠመው፤ ቆይቶ እንደገና ሊከፍት አለና እጁን በአፉ ላይ አደረገ። እትዬ አስታዋሽ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታስፈርም ዕቃ አስረክባ፣ በሩን ቀስ ብላ መልሳ ወጣች። የሆስፒታሉ በር ላይ ነገ መኪናው ውስጥ ይጠብቃት ነበር። «ምን አሉ?» ቢላት «ዝም ብለህ ንዳ» አለችው። መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ስታይ ዓይኗ እንባ አዝሎ እንደነበር ነገ በመስተዋቱ አየ፤ ሬዲዮኑን ሳይከፍት ነዳ።

ሽማግሌው ዓርብ በአራት ሰዓት ደወለ። እሷ ድምፁን እንደሰማች ባላት አቅም ሁሉ «እንዴት ነዎት አባባ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ያስጮኽሻል ልጄ? እሰማለሁ እኮ» አለ። ከዚያም ነገራት። ሁለት ቀን ተከራከሩ። እሱ ለመናት፣ ተቆጣት፣ አኮረፋት። ሐኪሙን ለብቻው አግኝቶ ጠየቀው፤ ሐኪሙም ኦፕሬሽኑ ያድናታል ብሎ አፉን ሞልቶ ሊነግረው አልቻለም። ሰኞ ቤታቸው ይገባሉ። «እንዳሰበችው ሆነላት» አለ። «ደክሞኛል ልጄ።»

«እኔም» አለች እትዬ አስታዋሽ፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

እሱ አልዘጋም፣ እሷም አልዘጋችም። ሌላ ሰው መስመሩን እየሞከረ እንደሆነ ብታውቅም እጀታውን ይዛ ቆየች።

«ያን ሹፌር ሰኞ ላኪልን» አለ በመጨረሻ። «ሰውነቱ ጠንካራ ይመስላል። ደረጃ አለብን። መዝገብሽንም ይዞልኝ ይምጣ፤ ሳልፈርም ሄድሽ።»

ሰኞ ከምሳ በኋላ ነገ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ገባና ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አራት ፎቅ» አለ። «አራት ፎቅ ነው የወጣነው እትዬ። እኔ በዚህ በኩል፣ እሳቸው በዚያ በኩል። በየፎቁ ጎረቤቶቹ ወንበር እያወጡ የእሳቸውን ባለቤት ያስቀምጧታል፤ እሷም እዚያው ቁጭ ብላ ስለ ጎረቤቶቹ ልጆች ሁሉ ትጠይቃለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብን።»

«አልጋዋ ላይ ደረሰች?»

«ደረሰች። ስወጣ እሳቸው ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር። ስለ መጋረጃው እያወራቻቸው ነው።»

«መጋረጃው ምን ሆነ?»

«ቆሽሿል። እሷ ይታጠብ ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ ከአንቺ ይበልጣል ወይ፣ ይቆይ ይላሉ። ትቻቸው ወጣሁ።»

እትዬ አስታዋሽ መዝገቡን ከፈተች። ሽማግሌው በመስመሯ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በትልልቁ ፈርሟል። ከጎኑ ቀኑን ጻፈችና ለነገ ውሃ ልትቀዳለት ተነሣች።